ምዕራፍ 7፦ በዚያች ሰዓት ወንዙ ይወርድ ነበር?

ከሐይቅ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከኮረብታው ማዶ፣ አርዲቦ ሐይቅ አለ። ከከተማው አጠገብ ካለው ከታችኛው ሐይቅ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ከእርሱ የሚወጣው ወንዝ ቁልቁል ወርዶ ታችኛውን ይቀላቀላል። አንድ ቀን ጠዋት የታችኛው ሐይቅ ውሃ ደፍርሶ ቢገኝ፣ «ድፍርሱ ከአርዲቦ የወረደ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሊሆንም ይችላል። ግን አርዲቦ ከላይ መኖሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። በዚያ ሰሞን ወንዙ ለመስኖ ተጠልፎ መንገድ ላይ ቀርቶ ከነበረ፣ ታችኛውን ያደፈረሰው ሌላ ነገር ነው፤ ከዳገቱ የወረደ ጎርፍ ይሆናል፣ ወይም ውሃ የገባ ከብት። ስለዚህ ነገሩን የሚያጣራ ሰው ላይኛውን ሐይቅ አይቶ አይመለስም። ወንዙን ተከትሎ ወርዶ፣ በዚያች ቀን ውሃ ነበረው ወይስ አልነበረውም ብሎ ይጠይቃል።

ሰው የገደለ የአእምሮ ሕመምተኛ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሕግ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ሕመሙ ላይኛው ሐይቅ ነው፣ ግድያው ታችኛው። ችሎቱ የሚፈልገው በመካከላቸው ያለውን ወንዝ ነው።

ባለፈው ምዕራፍ የሰው ሕይወት መጥፋቱ ብቻውን ገዳዩን ወንጀለኛ እንደማያደርገው አይተናል። ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት መኖር አለበት፤ ተራ ግድያን ከከባድ ግድያ፣ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 540 ከአንቀጽ 539 የሚለየውም የገዳዩ ሐሳብና የአገዳደሉ ሁኔታ ነው። ያኔ ለኋላ ያቆየነው ጥያቄ ነበር፦ የሚያስበው አእምሮ ራሱ ታሞ ከሆነስ?

ሕጉ ምን ይላል?

አሁን የምንሠራበት የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 414 የወጣ ሲሆን፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። አንቀጽ 48 በድርጊቱ ኃላፊ ያልሆነ ሰው አይቀጣም ይላል። ኃላፊ የማይሆነው ማን ነው? በሕመም፣ በአእምሮ ዕድገት መዘግየት ወይም በመሳሰለው ምክንያት፣ ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት ያልቻለ፣ ወይም ቢረዳም በተረዳው መሠረት ራሱን መግዛት ያልቻለ።

በዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያው «ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ» የሚለው ነው። ሕጉ ሰውየው ባለፈው ዓመት ታሞ እንደነበር አይጠይቅም፤ ዛሬ ታሞ መሆኑም በራሱ አይበቃውም። መጥረቢያው በተነሣበት ሰዓት ምን ነበር? ሁለተኛው «ወይም» የምትለዋ ቃል ናት። አንዱ መንገድ የመረዳት ነው፣ ሌላው ራስን የመግዛት። ከሁለቱ አንዱ ከተዘጋ ሰውየው ኃላፊ አይሆንም።

የእንግሊዝ ሕግ ሁለተኛውን መንገድ አልከፈተም። እ.ኤ.አ. በ1843 ዳንኤል ማክኖተን የተባለ ስኮትላንዳዊ፣ በሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ እያሳደደኝ ነው ብሎ አምኖ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጸሐፊ ኤድዋርድ ድራሞንድን ለንደን ውስጥ ተኩሶ ገደለ። ጁሪው በአእምሮው መታወክ ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም አለ። ንግሥት ቪክቶሪያ ተቆጣች፣ ሕዝቡም አጉረመረመ፤ የጌቶች ምክር ቤት ዳኞችን ጠርቶ መመዘኛው ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። ከመልሳቸው የወጣው ደንብ የሚመዝነው ማወቅን ብቻ ነው፦ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር? ስሕተት መሆኑንስ ያውቅ ነበር? እያወቀ ራሱን መግታት ያቃተው ሰው በዚያ ደንብ መጠጊያ የለውም። የእኛ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቅ የተዘጋጀው በስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን ነበርና፣ መመዘኛው ከአውሮፓ አህጉር መጣልን፤ ሁለቱም መንገድ ተከፍቶ። የዛሬው ሕግም ያንን ይዞ ቀጥሏል። እኔ ትክክለኛው ይሄ ይመስለኛል። ከባድ የአእምሮ ሕመም የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ከሚያጣው እውቀት ይልቅ የሚያጣው ልጓም ይበልጣልና።

አንድ ሰው፣ ሦስት ቀን

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ሰው እንፍጠር። የተፈጸመ ታሪክ አይደለም፤ ለማስረዳት ብቻ ነው።

በአርዲቦ ዳር ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ጀመረ። ቤተሰቡ ልክፍት ነው ብሎ ግሸን ማርያም ጠበል ወሰደው፤ ጎረቤቶቹም ወደጃ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉለት። ወሎ ነውና ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ኋላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ስኪዞፍሬኒያ ነው ተባለ፤ ኪኒን ተሰጠው። ሲሻለው ይተወዋል፣ ሲብስበት ይጀምረዋል። እንዲህ ያለ ሕመም ካለባቸው ሰዎች እጅግ የሚበዙት ማንንም እንደማይጎዱ፣ ይልቁንም ራሳቸው ለጥቃት እንደሚጋለጡ በምዕራፍ 5 ተናግረናል፤ የእኛ ሰው ግን ጎረቤቱን ገደለ እንበል።

በመጀመሪያው ታሪክ ኪኒኑን በደንብ እየወሰደ ነው፤ ድምፁም ከጠፋ ወራት ሆኖታል። ከጎረቤቱ ጋር በመስኖ ተራ ተጣሉ፤ ተሰዳደቡ። ቤቱ ገብቶ ዱላውን አነሣ፣ ሲመሽ መንገድ ዳር ጠበቀው፣ መታው፣ ወደ ወረባቦ ሸሽቶ ተደበቀ። ሕመምተኛ ነው? ነው። ካርዱም አለ። ግን ቂሙ እንደማንኛውም ገበሬ ቂም ነው፤ አድብቶ መጠበቁም መሸሹም የሚያደርገውን እንደሚያውቅና ራሱን እንደሚገዛ ያሳያሉ። ሐይቁ ከላይ አለ፤ ወንዙ ግን ደርቋል። ኃላፊ ነው።

በሁለተኛው ኪኒኑን ከተወ ሁለት ወር አልፎታል። ሌሊት አይተኛም። ጎረቤቱ ሐይቁ ውስጥ መርዝ እየጨመረ ነው ብሎ ያምናል፤ ድምፁም ልጆችህ ሳይጠጡ ድረስ ይለዋል። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ በመጥረቢያ መታው። አልሸሸም። እዚያው ቆሞ «ኑ፣ ጠጡ፣ አዳንኳችሁ» እያለ መንደርተኛውን ጠራ። ጥብቅ ሰው እዚህ ላይ ይከራከራል፦ መጥረቢያ ሰው እንደሚገድል ያውቅ ነበር፣ ስለዚህ የድርጊቱን ምንነት ተረድቷል ይላል። እኔ አይመስለኝም። በእርሱ ዓለም ውስጥ ሲፈጽም የነበረው የልጆቹን ሕይወት ማዳን ነው፤ የተረዳው ያንን እንጂ ግድያውን አይደለም። ይህን የማይቀበል ዳኛ ቢኖር እንኳ ሁለተኛው መንገድ ይቀረዋል፦ በዚያ ድምፅ ፊት ራሱን መግታት ይችል ነበር? ወንዙ እዚህ ሞልቶ ነው የሚወርደው።

ሦስተኛው በመካከል ያለው ነው፣ ዳኛን እንቅልፍ የሚነሳውም እርሱ። ድምፁ አለ፣ ግን ሰውየው አንዳንዴ የሕመም ድምፅ መሆኑን ያውቃል። ከጎረቤቱ ጋር እውነተኛ ጠብም አላቸው። መታው፤ ከዚያ መጥረቢያውን አጥቦ ጭቃ ውስጥ ቀበረ። ወንዙ ቀጥኖ ይወርዳል። ለዚህ ነው አንቀጽ 49 ያለው። የመረዳት ወይም ራስን የመግዛት ችሎታው በከፊል የተነካ ሰው ጥፋተኛ ይባላል፤ ቅጣቱን ግን ፍርድ ቤቱ ያለገደብ ሊያቀልለት ይችላል። ስለ መጠጥ የሚነሣው ጥያቄ አጭር መልስ አለው፦ ወንጀል ለመሥራት ብሎ ራሱን ያሰከረ ሰው በአንቀጽ 50 መሠረት ከኃላፊነት አያመልጥም። በገዛ እጁ ወንዙን የለቀቀ ነውና።

ሐኪሙ የሚያየው ዛሬን ነው

ዳኛው ወንዙን በምን ያየዋል? አንቀጽ 51 ስለ ተከሳሹ ኃላፊነት ጥርጣሬ ካለ ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት መቀበል አለበት ይላል። ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ካሳየ ግዴታ ነው፤ «ቢፈልግ» አይልም። ፍርድ ቤቱ ባለሙያው የሚመልሳቸውን ጥያቄዎች ለይቶ ይሰጠዋል። ባለሙያው የተከሳሹን የአሁን ሁኔታ፣ ሕመሙ በማመዛዘንና ራሱን በመግዛት ችሎታው ላይ ያለውን ውጤት፣ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚያስፈልገውም ይጽፋል።

ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ሕጉ የሚጠይቀው ስለዚያች ሰዓት ነው፤ ሐኪሙ ግን የሚያገኘው የዛሬውን ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. ተመሥርቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል፤ ጉዳዩ ከሚታይበት ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተከሳሹ ተይዞ፣ ምርመራ አልቆ፣ ክስ ተመሥርቶ፣ ጥርጣሬው ችሎት ላይ ተነሥቶ፣ ተልኮ እስኪመረመር ወራት ያልፋሉ። በእነዚያ ወራት ማረሚያ ቤት ኪኒን አግኝቶ ከሆነ ድምፁ ጠፍቶለታል። ላይኛው ሐይቅ እንዳለ አለ፣ ወንዙ ግን ደርቋል፤ ሐኪሙ ከደረቀው መውረጃ ላይ የውሃውን ምልክት ይፈልጋል።

ምልክት አይጠፋም። ከድርጊቱ በፊት የነበሩት ሳምንታት እንዴት አለፉ? ይተኛ ነበር? ይበላ ነበር? ከድርጊቱ በኋላ ሸሸ ወይስ ቆመ? ፖሊስ ሲይዘው የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ምን ነበር? እዚህ ላይ ባለሙያዎችም ጠበቆችም የሚዘነጓቸው ምስክሮች አሉ። ጠበል የወሰደው አጎት፣ ወደጃውን ያስተናገደው ሽማግሌ፣ ሌሊት ሲጮህ የሰማችው ጎረቤት። ከሐኪሙ በፊት ሕመሙን ያዩት እነርሱ ናቸው። ሕመሙን ልክፍት ወይም ጂን ብለው መጥራታቸው ያዩትን አይሰርዘውም፤ ችሎቱ የሚፈልገው መቼ፣ ምን እንዳደረገ ነው።

ፍርዱን መጠበቅ

ጁሪ ባለባቸው አገሮች መጠበቅ የሰዓታት ወይም የቀናት ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ አሥራ ሁለት ተራ ዜጎች ክርክሩን ሰምተው ክፍል ውስጥ ይዘጋሉ፤ ቤተሰብ፣ ጠበቃና ጋዜጠኛ ኮሪደሩን ይሞላሉ። ሲወጡ «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» ይላሉ። ለምን እንደሆነ አይናገሩም። እ.ኤ.አ. በ2001 ቴክሳስ ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባት እናት አምስት ልጆቿን ገደለችና ራሷ ፖሊስ ጠራች። ዐቃቤ ሕግ፣ መጥራቷ ስሕተት መሆኑን ማወቋን ያሳያል አለ፤ ተከላካዩ፣ ልጆቿን ከሲኦል ያዳነቻቸው መስሏት ነበር አለ። በ2002 ጁሪው ጥፋተኛ አላት። የአንድ ባለሙያ ምስክርነት ሐሰት ሆኖ ስለተገኘ ፍርዱ ተሰረዘ፣ ክርክሩ እንደገና ተሰማ፤ በ2006 ሌላ ጁሪ በዚያው ድርጊት ላይ በሕመሟ ምክንያት ጥፋተኛ አይደለችም አለ። ሁለቱም ጁሪ ወንዙን እንዴት እንዳየው አልጻፈም።

በኢትዮጵያ ጁሪ የለም። በአርዲቦ ዳር የተፈጸመ ግድያ ደሴ ላይ፣ በደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል። መጠበቁ የቀጠሮ መጠበቅ ነው። የዐቃቤ ሕግ ምስክር ይሰማል፣ ቀጠሮ። ተከሳሹ ይከላከል ወይስ አይከላከል ብይን ይሰጣል፣ ቀጠሮ። የመከላከያ ምስክር፣ የሐኪም ማስረጃ አልደረሰም ተብሎ ሌላ ቀጠሮ፣ በመጨረሻ «ለፍርድ ተቀጥሯል»። በእያንዳንዱ ቀጠሮ የሟች ቤተሰብ አንድ ወንበር ላይ፣ የገዳይ ቤተሰብ ሌላው ላይ ይቀመጣል፤ ከችሎት ሲወጡ አንድ መኪና ተሳፍረው ይመለሱ ይሆናል፣ መንገዱ አንድ ነውና።

በየቀጠሮው ተከሳሹ እየተረጋጋ ይመጣል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ይላል። የሟች ወንድም ያየዋል። «አሁን ይሄ ነው የታመመ?» ይላል፤ አይፈረድበትም። ይህ የጁሪ አገሮችንም ያስጨነቀ ነገር ነው። ኔቫዳ ውስጥ በግድያ የተከሰሰ ሪጊንስ የተባለ ሰው፣ መድኃኒቱ ይቁምልኝ፣ ጁሪው እውነተኛ ሁኔታዬን ይየው ብሎ ቢለምን ተከለከለ፤ መድኃኒቱን እየወሰደ ተፈረደበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 ያንን ፍርድ ሻረው፤ ያለበቂ ምክንያት እየተገደደ መድኃኒት መውሰዱ የመከላከል መብቱን ነክቷል ብሎ። ሰው ታክሞ ተረጋግቶ ስለቀረበ ታሞ አልነበረም ማለት ቀላል ስሕተት ነው፤ ችሎት ላይ የምናየው የደረቀውን መውረጃ ነው።

የእኛ ሥርዓት አንድ ብርታት አለው። ዳኞች ምክንያታቸውን ጽፈው በአደባባይ ያነባሉ። በሐሳብ የተለየ ዳኛ ካለ ልዩነቱን ይጽፋል። የተሳሳተ እንደሆነ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በይግባኝ ያየዋል። የትኛውን ምስክር አምነው፣ የትኛውን የሐኪም ቃል ይዘው ወንዙ ይወርድ ነበር ወይም አልነበረም እንዳሉ ሌላ ሰው ሊመረምረው ይችላል። እንደ ሕመም ላለ ለማየት ለሚያስቸግር ነገር፣ ከጁሪው አንድ ቃል ይልቅ ይህንን እመርጣለሁ፣ ቀጠሮው ቢረዝምም።

ሁለት ሪፖርት፣ አንድ ሰው

ሐኪም ከተጠየቀ ዳኛ ምን ያደርጋል? አንቀጽ 51 ለዚህ ጥሩ መልስ አለው። ዳኛው የሚታሰረው በተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት እንጂ ባለሙያው ከዚያ ተነሥቶ በሰጠው የሕግ ድምዳሜ አይደለም። ሐኪሙ «ስኪዞፍሬኒያ ነበረበት፣ ድምፅ ይሰማ ነበር» ሲል ዳኛው ይሰማል። «ስለዚህ ኃላፊ አይደለም» ሲል ግን የዳኛውን ወንበር እየያዘ ነው።

ኖርዌይ ይህን በዓለም ፊት አሳይታለች። አንደርሽ ብሬይቪክ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2011 ሰባ ሰባት ሰው ገደለ። ፍርድ ቤቱ የሾማቸው ሁለት ሐኪሞች ከባድ የአእምሮ መታወክ አለበት አሉ። ሕዝቡ አላመነም፤ ሌሎች ሁለት ተሾሙ፣ የለበትም አሉ። ደግሞ የሚገርመው፣ ዐቃቤ ሕግ ታሟል ብሎ ወደ ሆስፒታል ይላክ ሲል፣ ተከሳሹ ጤነኛ ነኝ ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ በሰኔ 2012 ካለቀ በኋላ አገሩ ሁሉ ሁለት ወር ጠበቀ። ነሐሴ 24 ቀን 2012 አምስት ዳኞች፣ ሁለቱ ባለሙያ፣ ሦስቱ ከሕዝቡ የተመረጡ፣ በአንድ ድምፅ ኃላፊ ነው አሉ፤ ሊራዘም በሚችል የ21 ዓመት እስር ቀጡት። የሐኪሞቹ ሪፖርት ሁለት ነበር፤ ወንዙን ያዩት ዳኞቹ ናቸው።

ከፍርዱ በኋላ

«ኃላፊ አይደለም» ማለት «ቤቱ ይግባ» ማለት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ለሌሎች አደገኛ የሆነ ሰው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተስማሚ ተቋም ውስጥ ይቀመጣል፣ ይታከማል፤ ጊዜው አስቀድሞ አይወሰንም፣ ውሳኔው ግን በየሁለት ዓመቱ መታየት አለበት። ማክኖተን ነፃ ከተባለ በኋላ እስከ ሞተበት እስከ እ.ኤ.አ. 1865 ድረስ ከጥበቃ አልወጣም። ፕሬዚዳንት ሬጋንን ያቆሰለው ጆን ሂንክሊ እ.ኤ.አ. በ1982 ነፃ ተብሎ ሙሉ በሙሉ የተለቀቀው በ2022 ነው። ለገዳይ የታሰበ ነፃነት ብሎ የሚቆጣ ሰው ይህን ቢያውቅ ቁጣው ይቀንስ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

የሟች ቤተሰብስ? ፍርድ ቤቱ ኃላፊ አይደለም ካለ በኋላም የፈሰሰው ደም ፈስሷል። በወሎ ደም ማድረቅ የሽማግሌዎች ሥራ ነው፤ የእነርሱ ጥያቄ ከችሎቱ ይለያል። ሰውየው በዚያች ሰዓት ምን ተረድቶ ነበር አይሉም። ሁለቱ ቤቶች ነገ አንድ ወንዝ እንዴት ይጠጡ ነው የሚሉት። ሕጉ ይህን ጥያቄ አይመልስም፤ ሽማግሌዎቹም የሕጉን አይመልሱም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የሌላውን እንዲተካ ግን መፍቀድ የለብንም፣ በተለይ ዕርቁ ሕመምተኛውን ያለ ሕክምና ወደዚያው መንደር የሚመልስ ከሆነ።

ለቤተሰብ አንድ ልመና አለኝ። ቤታችሁ የታመመ ሰው ካለ የሕክምና ካርዱን አትጣሉ፤ መቼ እንደባሰበት፣ መቼ ኪኒኑን እንደተወ በደብተር ጻፉ፤ ጠበል ወይም ወደጃ የወሰዳችሁበትን ቀን ጭምር። የከፋ ነገር ተፈጥሮ ከሆነ ደግሞ ለፍርድ እስኪቀጠር አትጠብቁ። ፖሊስ በያዘው በመጀመሪያው ቀን ታማሚ መሆኑን ተናገሩ፤ በመጀመሪያው ችሎት፣ ተከላካይ ጠበቃው ባያነሣው እንኳ እናንተ ጠይቁት፣ በአንቀጽ 51 መሠረት በባለሙያ ይመርመር ብሎ እንዲያመለክት።